የአባባ ፊት

ለማከብርህ አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሃል? ጉንጭህንስ አይበርድህም? እማዬና እኔ ደህና ነን። የአባትህ፣ የአባባ ግራ ዓይን ግን ጭራሽ ጨልሟል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። ስልክህ ይጠራል እንጂ አይነሳም፤ ስለዚህ ይህን ወረቀት ወደ አንተ ከተማ ለሚመላለሰው ሹፌር ጎረቤታችን ሰጠሁት። እጅህ ላይ ሳያስቀምጥ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ።

መቼም አትረሳውም፤ አባባ ፎቶ ቤታቸውን ዘግተው ካሜራውንና መብራቱን ሲሸጡ፣ “ገንዘቡ ባንክ ተኝቶ ከሚቀር ክሪፕቶ ይግዙበት” ያልካቸው አንተ ነህ። እሳቸው “የማይታይ ገንዘብ” ብለው ጠርጥረው ነበር። የልጅ ምክር ሆነባቸውና እሺ አሉ፤ አካውንቱንም ድረ ገጽ ላይ በመታወቂያቸው ከፈትክላቸው። እውነትህን ነው፣ አድጓል። ሐኪሙ “ኦፕራሲዮኑ አሁን ካልተደረገ ዓይንዎ አይተርፍም” ሲላቸው ልናወጣው ገባን።

ድረ ገጹ ማንነትዎን ያረጋግጡ አለ። መታወቂያውን ላክን። ፊትዎን ያሳዩ አለ። አባባ ከረባት አስረው፣ “ብርሃኑ ከጎን ይምጣ” እያሉ፣ እኔን መብራት አሸካሚ አድርገው ቀረቡ። ወደ ግራ ይዙሩ፣ ወደ ቀኝ ይዙሩ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ይግለጡ። ሁሉንም አደረጉ። መልሱ፦ ፊትዎ ከመታወቂያዎ ጋር አይመሳሰልም።

አባባ እንዲህ ተሰድበው አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ፊት ሲያነሱ ኖረው የራሳቸውን ፊት ተከለከሉ። ለደንበኞች አገልግሎት ጻፍን፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን አለ። ትዕግሥት እንደሌላቸው እንድጽፍ አዘዙኝ፤ ጻፍኩ፤ ድጋሚ ስለ ትዕግሥታቸው ተመሰገኑ። ቀጥሎ የመብራት ደረሰኝ ጠየቀ። የእኛ ደረሰኝ ደግሞ እስከ ዛሬ የሚመጣው በሟቹ አከራያችን ስም ነው። አባባ በመጨረሻ፣ “ይሄ የሚጠይቀኝስ ማን ነው? መጀመሪያ የራሱን መታወቂያ ያሳየኝ!” አሉ። ይህንንም ቃል በቃል ጻፍኩት። ጥያቄዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው የሚል መጣ።

እኔ ነገሩ አልዋጥልኝ ሲል መታወቂያውን ከአባባ ፊት አጠገብ ይዤ አስተያየሁት። ለካ ፎቶውን ያነሱትም ያሳመሩትም ራሳቸው ናቸው! ሽብሽቡ የለም። ከዓይናቸው ሥር ያለው ከረጢት የለም። አገጫቸው ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ጠፍቷል፣ የሸሸው ፀጉር ተመልሷል። ምነው ስላቸው “ብርሃኑ ጥሩ ነበር” ብለው ድርቅ አሉ። እማዬ አይታው በሳቅ ፍርስ አለች።

“ይሄ አባባ ነው እንዴ? ወንድሜ ጺሙን ቢላጭ ማለት ነው እንጂ” አለች።

እኔም ሳቅኩ። ያኔ ያስቅ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ክሊኒክ ሄድን። አባባ ዓይናቸው ላይ ጠብታ ተደርጎላቸው፣ ፊታቸውን በፎጣ ሸፍነው ተቀምጠው ሳለ ስልካቸው ጮኸ። አነበብኩላቸው፦ እንኳን ደስ አለዎት፣ አሁን ያሳዩት ፊት ተረጋግጧል። አባባ ከፎጣው ሥር ሆነው “በመጨረሻ አወቁኝ” አሉ። ለነርሷ፣ ለዘበኛው፣ ወረፋ ለሚጠብቀው ሁሉ አበሰሩ። እኔ ግን አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ፎጣውን አየሁ።

አመሻሹ ላይ፣ ስንት ወር ጠፍተህ የቆየኸው ሰውዬ ደወልክ። ስለ ዓይናቸው ሳትጠይቅ የሚስጥር ቁጥር መጥቶላቸው እንደሆነ ጠየቅካቸው። መምጣቱን በምን እንዳወቅክ እንጃ፤ የልጅ ፍቅር ይሆናል። አባባ ስለማይታያቸው እኔ እያነበብኩ እሳቸው ደገሙልህ። መልእክቱ ገንዘቡ ወደ አዲስ አድራሻ ሊላክ ነው ይል ነበር። የማን አድራሻ እንደሆነ ስላላወቅኩ፣ በቁጥሩ ፈንታ የተማሪ መታወቂያዬን ቁጥር አነበብኩላቸው። ሰው ሁሉ መታወቂያ እየተጠየቀ እኔ ብቻ ለምን ይቅርብኝ ብዬ ነው። ገንዘቡን የመላኩ ጥያቄ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ስልክህ አይነሳም።

ሹፌሩ ደግሞ በቀደም አይቶህ ነበር። ጺምህን ሙልጭ አድርገህ ተላጭተህ ሙሽራ መስለሃል አለን። እማዬ “ያን የሚንከባከበውን ጺም ምን ነካው?” ብላ ገረማት። እኔ መታወቂያውን አውጥቼ እንደገና አየሁት። ለአባባም አልነገርኩም፤ ማሽኑ አወቀኝ እያሉ ደስ ብሏቸው ነው የሰነበቱት። አንተስ ምን ገጥሞህ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠይቅህምም።

ችግሩ ምን መሰለህ፣ ገንዘቡን ወደ ባንካቸው ለማዞር ስሞክር ድረ ገጹ ፊት እንደገና ይታይ አለ። አባባ ከረባታቸውን አስረው ቀረቡ። አሁንም አይመሳሰልም ተባሉ። ያን ቀን እንኳ አልተናደዱም፤ ከረባቱን ፈትተው ተኙ።

ኦፕራሲዮኑ የሚመጣው ሳምንት ነው፤ ክፍያው ቀድሞ መግባት አለበት። አባባ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው ልጄን ነው ብለው ለሐኪሙ ሳይቀር ነግረውታል። ዕድሜህን ያርዝመው፣ ከክፉ ይጠብቅህ ብለውሃል፤ ምርቃቱን ሳልቀንስ ጽፌልሃለሁ። እኔም መንገድህን ያቅናልህ እላለሁ።

ሹፌሩ አርብ ሲመለስ አጠገቡ ያለውን ወንበር ይዞልሃል። ስጦታ ምናምን አትግዛ። ጺምህ እንዳያድግ ብቻ ተጠንቅቀህ፣ የአባባን ፊት ይዘህልን ና።

አክባሪህ፣
ዓይኗ ጤነኛ የሆነው የእህትህ ልጅ