ያለ ጋሽ ሰይድ የወጣሁበት ጠዋት

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ዛሬ ጠዋት ትራኳን ብቻዬን ይዤ ኦክላንድ ፖርት ገባሁ። ሸሪኬ ጋሽ ሰይድ ስኳሩ ዓይናቸውን ስለጎዳው መንዳት ተከልክለዋል።

ኮንቴይነሩ ተጭኖልኝ ልነሳ ስል እንደ ልማዴ እጄን ዘርግቼ ጠበቅሁ። ከጎኔ ማንም የለም። ይህችን ትራክ አብረን ከገዛን ጀምሮ ዱዓ የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ አሚን ባይ ነኝ።

ኮል አደረግኩላቸው።

«ምነው፣ ትራኳ እምቢ አለች?»

«ኧረ ደህና ናት። ዱዓ እንዲያደርጉልኝ ብዬ ነው።»

«አሁንማ ሹፌሩ አንተ ነህ» አሉኝ። «አንተ አድርግ፣ እኔ አሚን እላለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። አንዲት ቃል አልወጣኝም። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ክላክስ ያደርግብኛል። ምን አስቸኮለው!

ጋሽ ሰይድ ጠበቁኝ፣ ጠበቁኝና ምንም ሳልል «አሚን» አሉ።