እናቴ «ደህና ነኝ» ስላለች

ለተከበሩ የሕክምና ጉድለት አቤቱታዎች አጣሪ ቦርድ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ የጸና፣ ጉልበትዎም ሦስት ፎቅ ያለ ዕረፍት የሚያስወጣዎ እንዲሆን ያለኝን ልባዊ ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። በደብዳቤ ወግ «እኔ ደህና ነኝ» ማለት የሚገባኝ እዚህ ላይ ነበር። ሆኖም ይህ ቃል በእርስዎ ቢሮ ምን ያህል የማይነቃነቅ ማስረጃ እንደሆነ ስለተማርኩ፣ ስለ ራሴ ሁኔታ ምንም ሳልል ማለፍን መርጫለሁ።

ምናልባት ከመዝገብ ብዛት የተነሣ ካላስታወሱኝ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምሰፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለፈው ወር ወንበር ላይ እንደተቀመጡ በሰው ሸክም ፊትዎ የቀረቡት የሰማንያ አንድ ዓመት አሮጊት እናቴ ናቸው፤ እኔ የመጨረሻ ልጃቸው ነኝ። ከዚህ በኋላ በቤታችን ልማድ አንቺ እያልኩ ብጠራት አይቀየሙኝ። እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ራሷን ሲፈልጣትም፣ እኔን አርግዛ እግሯ ሲያብጥም፣ ለደወለው ሁሉ በዚያው ለስላሳ ድምፅ «አቤት፣ ምን ልታዘዝ?» ስትል የኖረች ሴት ናት። ዛሬም እንዴት ነሽ ላላት ሰው እውነቱን መናገር ነውር ይመስላታል። ቦርዱ ይህን አመሏን ቢያውቅልኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ወረቀት ባላባከንኩ ነበር።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደሚከተለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. ስለ አልጋው። እናቴ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል በተኛች በሦስተኛው ቀን ጧት ከአልጋዋ ወደቀች። የአልጋው የጎን መከላከያ ብረት መቆለፊያው ተሰብሮ በፋሻ ታስሮ ነበር። በሙያዬ ስለ ቋጠሮ ጥቂት አውቃለሁና፣ ያ ቋጠሮ ለጫማ ክር እንኳ የማይታመን እንደነበር በትሕትና እመሰክራለሁ። አንስተው መልሰው አስተኟት፤ ፋሻውንም እንደገና አሰሩት፤ ራጅ ያዘዘላት ግን አልነበረም። ሆስፒታሉ የፋሻ እጥረት እንደሌለበት በዚህ አጋጣሚ ስላረጋገጠልን አመሰግናለሁ።

2. ስለ ዘጠኙ ቀናት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘጠኝ ቀናት ተረኛው ሐኪም በየጧቱ እየዞረ «ማዘር፣ እንዴት አደሩ?» ይላታል፤ እናቴም በየጧቱ «ደህና፣ ተመስገን፤ አንተስ ልጄ?» ትለዋለች። በካርዷ ላይ ዘጠኝ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት እጅ ጽሑፍ፣ «ታካሚዋ ሕመም የለኝም ብለዋል» ተብሎ ሰፍሯል። «አንተስ ልጄ?» ማለቷ አልሰፈረም። ሐኪሙ ለዚህ ጥያቄ ምን ብሎ እንደመለሰም አላውቅም፤ እሱም ደህና ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴም ሳልናገር ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። እኔም በየቀኑ እንዴት ነሽ ብያታለሁ፤ ደህና ነኝ ብላኛለች፤ እኔም አምኜ ወደ መኪናዬ፣ ማለትም ወደ ስፌቱ፣ ተመልሻለሁ። ስትገላበጥ ከንፈሯን ስትነክስ አይቻለሁ። ትራሱ ቆርቁሯት መስሎኝ ትራስ ቀየርኩላት።

ከወደቀች በአሥረኛው ቀን አንሶላ ልትቀይር የመጣች የጽዳት ሠራተኛ ብርድ ልብሱን ገልጣ «ውይ፣ የእማማ አንዱ እግር አጥሯል እኮ!» አለች። ራጁ ሲነሣ ዳሌዋ ተሰብሮ ተገኘ። ምርመራውን ያደረገችው መጥረጊያ የያዘችው ሴት ስለሆነች፣ ቦርዱ ለባለሙያ ምስክርነት ሲቸገር እሷን እንዲያስብ እጠቁማለሁ።

3. ስለ ቦርዱ ባለሙያ አስተያየት። «በዚህ ዕድሜ አጥንት በራሱ ሊሰበር ይችላል» ይላል። እውነት ነው። የሚያስገርመኝ ሰማንያ አንድ ዓመት ሙሉ በትዕግሥት የጠበቀው አጥንት፣ በራሱ ለመሰበር ያቺኑ ፋሻው የተፈታባትን ጧት መምረጡ ብቻ ነው።

4. ስለ ቀጠሮዎቹ። ዘግይቶ የታከመው አጥንት ተጣሞ ስለገጠመ እንደገና ካልተሠራ እናቴ አትቆምም። ሆስፒታሉ ደግሞ ቦርዱ ጥፋት አለብህ ካላለው በስተቀር ነገሩ የእርጅና ነውና ለቀዶ ጥገና ወረፋ አላስገባትም ብሏል። የአጥንት ሐኪሙ ጡንቻዋ ከስሞ ከማለቁ በፊት እንድንፈጥን በቃል ነገረኝ፤ በጽሑፍ ስጠኝ ስለው ሌላ በሽተኛ ጠራ። ቦርዱ ግን አራት ጊዜ ቀጠረን፦ ባለሙያው ሥልጠና ላይ ስለነበሩ፣ ካርዷ ስለጠፋ፣ አባላቱ ስላልተሟሉ፣ በመጨረሻም ክፍሉ ቀለም እየተቀባ ስለነበር። ቀለሙ ያምራል። የጠየቅነውም ካሳ አልነበረም። ከአልጋዋ እስከ መጸዳጃ ቤቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ያንን ሰው ሳይሸከማት በገዛ እግሯ እንድትሄድ ነው።

5. በመጨረሻም አመልካቿ በአካል ይቅረቡ ተባለ። ሊፍቱ ስለማይሠራ ሁለቱ ወንድሞቼ በምግብ ጠረጴዛ ወንበር ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ አወጧት። ሰው ፊት እንቅልፍ እንዳይጥላት ብላ ማስታገሻዋን እምቢ አለች፤ በየደረጃው መታጠፊያም የሚያልፈውን ሁሉ መንገድ ስለዘጋን ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። የት እንደሚያማት እንድትናገር ሳምንት ሙሉ አስጠንቻት ነበር። እንደ ተማሪ በቃሏ ይዛው ነበር።

እርስዎም ጨዋ ሰው ስለሆኑ፣ ከመቀመጫዎ ተነሥተው እጅ ነሥተው «እናቴ፣ እንዴት ነዎት?» አሏት። እኔ ስብሰባው ገና ያልተከፈተ መስሎኝ ነበር። እናቴ በዚያ በስልክ ድምፅዋ «ደህና፣ ተመስገን፤ እርስዎስ?» አለች። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ ጣቶች ሲንቀሳቀሱ አየሁ።

ውሳኔው እነሆ በእጄ ነው፦ «አመልካቿ በቦርዱ ፊት ቀርበው ደህና መሆናቸውን በራሳቸው አንደበት ስላረጋገጡ መዝገቡ ተዘግቷል።» ያጠናችውን ከመናገሯ በፊት ሰዓት አልቋል ተባልን። ኧረ ሰላምታ ነው ብዬ ብጮህ፣ ቃለ ጉባኤው ሰላምታን ከምስክርነት ቃል የሚለይበት አሠራር እንደሌለው ጸሐፊዋ በትሕትና አስረዳችኝ። ይግባኝ ለማለት ሠላሳ ቀን አለኝ፤ ይግባኙ የሚቀርበውም ለእርስዎው ቦርድ፣ በዚያው ፎቅ ነው። ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ይህ ዓረፍተ ነገር ሽሙጥ የለበትም።

የተዘጋው መዝገብ በዕረፍትዎ እንዳይቆረቁርዎ፣ ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ እርስዎንም በእርጅናዎ ዘመን ከአፍዎ ይልቅ እግርዎን የሚያይ ሰው እንዲገጥምዎ እየተመኘሁ፣ በጥልቅ አክብሮትና ሌላ ምንም ማድረግ ባለመቻል እሰናበታለሁ።

የአመልካቿ የመጨረሻ ልጅ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለእናቴ አነበብኩላት። ሰውየው ጨዋ ነው፣ አታስቀይሚው ብላ ስለተቆጣችኝ እርስዎን የሚመለከተውን አለዝቤዋለሁ። ከዚያ ውሃ ላቀርብላት ስነሣ እጄን ያዘችና፣ በዕድሜዬ ከአንደበቷ ሰምቼው የማላውቀውን «ልጄ፣ አመመኝ» የሚለውን ቃል ተናገረች። በቦታው ሐኪም አልነበረም፤ ጸሐፊም፣ የቦርድ አባልም አልነበረም። የነገረችው ለእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ።