የዋሁን አስቀርታችሁ ደላላውን ስላሳለፋችሁልኝ

ለተከበሩ የመጻሕፍት ግምገማ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ወንበርዎና የወንበርዎ ትራስ እንደተመቻቹ ይቆዩ ዘንድ ምኞቴ ነው። እኔ፣ ደረጃዎን ስወጣና ስወርድ ከጠነከረው ጉልበቴ በቀር፣ እንደነበርኩ አለሁ።

ልብ ወለዴን አንብባችሁ ግማሹን ስለወደዳችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መጽሐፉን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። አንድ የዋህ ሰው የተቋረጠውን የእናቱን የውሃ መስመር ለማስቀጠል፣ ደላላ ዘመዱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። የዋሁ በር ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ያምናል፤ ደላላው የጓሮውን በር ያውቃል። የዋሁ የአስተያየት ሳጥን ባየ ቁጥር ምስጋና ጽፎ ይከታል፣ በማግስቱም መልስ ሊቀበል ይመጣል። ደላላው ደግሞ፣ “አንተ የአክስቴ ልጅ፣ የሳጥኑ ቁልፍ ከጠፋ እኮ ቆየ! ና ወዲህ፣ ወንበሯ ላይ ያለችውን እናናግር” ይለዋል።

ጽሕፈት ቤትዎ የዋሁ ካልወጣ መጽሐፉ አይታተምም ብሎ፣ እስከ ዓርብ ተስማምቼ እንድፈርም አዞኛል። ቅሬታ እንዳይባልብኝ፣ አድናቆቴን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. እንደተነገረኝ የጽሕፈት ቤትዎ ኮሚቴ ድርሰት የሚገመግመው ጮክ ብሎ በማስነበብ ነው። አባላት በሳቁበት መስመር ጎን ቃለ ጉባኤ ያዡ “ተሳቀ” ብሎ ይጽፋል፤ የተሳቀበትም ይሰረዛል። ቀልደኛ መጽሐፍ እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ሲጠበቅ ሳይ እጅግ ተጽናናሁ። ሐኪም እንኳ በሽተኛው “እዚህ ጋ አመመኝ” ያለውን ሁሉ ቆርጦ አይጥልም።

፪. የዋሁ፣ “ይህ ቢሮ የተሠራው ለእኛ ነው፤ ባይሆንማ አግዳሚ ወንበሩን ለማን አኖሩት?” ሲል፣ ኮሚቴው እንባው እስኪፈስ ስቋል አሉ። ደላላው ዘበኛ እንዴት እንደሚለዝብ ሲያስተምር ግን ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ በጽሞና አዳምጧል። እንዲያውም “እውነተኛ ገጸ ባሕርይ” የሚል ማዕረግ ተሰጥቶታል። ክቡርነትዎ፣ በመጽሐፌ ውስጥ እናንተን የሚያምን ሰው እሱ አንድ የዋህ ብቻ ነበር። እሱንም እናንተው ከበር መለሳችሁት።

፫. የዋሁ ከሄደ ደላላው ለማን ያወራል? የሚደነግጥለት፣ “ይህማ ነውር ነው!” የሚለው ሰው ከጎኑ ከጠፋ፣ መጽሐፌ ልብ ወለድነቱ ቀርቶ የአሠራር መመሪያ ይሆንብኛል። መመሪያ ደግሞ መሥሪያ ቤቶቻችን ሞልቷቸዋል።

፬. የቤቴ ሰላም ደፍርሷል። ሁለቱን ሰዎች ከራሴና ከባለቤቴ እንደቀዳኋቸው ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ደላላው እኔ አይደለሁም። ባለቤቴ ውሳኔያችሁን ስትሰማ፣ “እሰይ! እኔን አሳልፈው አንተን ጣሉህ። ስንት ዓመት ስመክርህ አልሰማ ብለህ፣ ይኸው በማኅተም መጣልህ!” አለችኝ። ስቃ ስታበቃም፣ “ፈርምና መጽሐፉ ይታተም፤ ቂሉን በሁለተኛው እትም በጓሮ ታስገባዋለህ” ስትል መከረችኝ። እውነተኛ ገጸ ባሕርይ ናት፣ አልዋሻችሁም።

እኔ ግን አልፈርምም። ሁለቱ አብረው ይታተሙ፣ ካልሆነም አብረው ይቅሩ። ያ ቀጣፊ ደላላ እንኳ በመጨረሻው ምዕራፍ፣ በዚያው አጋጣሚ የያዘው የራሱ ጉዳይ ካለቀለት በኋላ፣ አግዳሚው ላይ ብቻውን ወደተቀመጠው ዘመዱ ተመልሶ፣ “ተነሥ በቃ፣ እናትህ ትጠብቅሃለች” ብሎ እጁን ይይዘዋል። ከዚያ ገጽ ጎን ቃለ ጉባኤ ያዡ ምንም አልጻፈም። ደላላ ያላደረገውን እኔ እንዳደርገው አትዘዙኝ።

በክቡርነትዎ ፊት ዝቅ ያለ፣ ከዚያ በታች ቦታ ቢገኝ ለመውረድ ማመልከቻ የሚያስገባ፣

ግማሽ ፈቃድ የተሰጠው ደራሲ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ከኮሚቴዎ አባላት አንዱ ስልክ ደውለው የደላላውን አድራሻ ጠየቁኝ። የፈጠርኩት ሰው ነው ብላቸው፣ “ኧረ ለእኔ እንኳ አትደብቀኝ ወንድሜ፣ አንድ ጉዳይ ተይዞብኝ ነው” አሉ። የዋሁን የፈለገ እስካሁን የለም። የሚፈልገው ከተገኘ አድራሻው ቀላል ነው፦ ይህን ደብዳቤ ጽፎ፣ መልሳችሁን እየጠበቀ ነው።