እትዬን የጠየቅኳት ቀን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
የክሊኒኩን ሰርቨር ኢሜጆች፣ ፕሮግራሞቹ የሚነሱባቸውን ቅጂዎች፣ አደስኩ። አስራ አንዱንም። ቀዳዳ የሚደፍነው አዲስ የደህንነት ፓች ሁሉ ገብቷል፣ ኢሜጆቹን የሚፈትሸው ስካነርም አረንጓዴ። «ታድሷል» ብዬ ፈረምኩ። ካርድ ክፍል አብረዋት የሚሠሩት እህቴን እትዬን በእኔ ያሾፉባታል... «ያሳደግሽው ወንድምሽ ቁልፍ ሲጫን ውሎ ደከመኝ ይላል?» እሷም አብራ ትስቃለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ጉድ ነው። የአንዲት ታካሚ የምርመራ ውጤት ሰፈሯ ውስጥ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ካርዷን ያወጣችው እትዬ ናት። ዳይሬክተሩ አገዷት። አስራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለች ሴት... በር ላይ ቦርሳዋን ፈተሹት። እኔን ሲጠይቁኝ ምን አልኩ? «ሲስተሙ የታደሰ ነው። ከሰው ነው የወጣው።»

አርብ፣ ጥቅምት 14
ቤቷ ሄድኩ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። የትናንቱን ጋዋን እንኳ አላወለቀችም።
«እንዲያው አምልጦሽ... ለሰው አውርተሽ ይሆን?»
አየችኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ለማንኛውም ልይ ብዬ ሰርቨሩ ውስጥ ገባሁ። ውጤት የሚያሳየው ኮንቴይነር፣ ከኢሜጁ ተነስቶ የሚሠራው ፕሮግራም፣ ከተነሳ... ሁለት መቶ አስራ ሦስት ቀን። ደግሜ አነበብኩት። ሰባት ወር ሙሉ ኢሜጁን አድሳለሁ፣ ኮንቴይነሩን ግን ከአዲሱ ኢሜጅ እንደገና አላስነሳሁትም። ሲሠራ የከረመው ያኔ የተነሳው ነው፣ ፓች የሌለው። ስካነሩ የሚያየው አዲሱን ኢሜጅ ብቻ። የሚሠራውን ማን አየ?
ሎጉን፣ የገባ የወጣውን መዝገብ፣ ከፈትኩ። የማላውቀው ሰው ከውጭ በዚያው ቀዳዳ ገብቷል። የሴትየዋን ብቻ አይደለም፣ የአርባ ሰው ውጤት ወስዷል። እትዬ የለችበትም። እኔ ነኝ። ወይ እኔ...

ሰኞ፣ ጥቅምት 17
ለዳይሬክተሩ ነገርኳቸው። አልገባቸውም።
«በየሳምንቱ ትፈርም አልነበር እንዴ?»
«ፈርሜያለሁ። ትኩስ ዳቦ እየጋገርኩ መደርደሪያ ላይ ስደረድር ነው የከረምኩት። ሰው ሲበላ የነበረው የሻገተውን ነው።»
«እህትህን ጥራት» አሉኝ። ለአርባዎቹም ታካሚዎች ይነገራቸዋል። የእኔን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ይጽፋሉ። ይጻፉ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25
እትዬ ሥራ ገባች። ዳይሬክተሩ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቋት። ለእኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ዛሬ አድሼ፣ ኮንቴይነሮቹን አንድ በአንድ አስነስቼ፣ የተነሱበትን ሰዓት በዓይኔ አይቼ ፈረምኩ።
ከዚያ ካርድ ክፍል ሄድኩ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኮንቴይነሩን...» ብዬ ጀመርኩ።
«ተወው። የኮምፒውተሩ ነገር አይገባኝም» አለች፣ ካርድ መደርደሯን ሳታቆም። «ዳይሬክተሩ ቢጠረጥሩኝ አያውቁኝም። አንተ ግን ጠየቅከኝ።»
ታካሚ መጣ፣ ወጣሁ።