የሠርግ ፎቶ በአሮጌው ጣቢያ

ታደገ ወንድሜ፣ ከእስራኤል፣ ከቤርሼቫ ከተማ፣ ድንጋጤዬ ሳይለቀኝ ነው የምጽፍልህ። የልጄን የማንአለብሽን የሠርግ ፎቶ ያነሱት በዚህ ፖስታ ካርድ ላይ በምታየው አሮጌ ባቡር ጣቢያ ነው። ቱርኮች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሠሩት፤ ብዙ ሳይቆይ ባቡሩ ቀረ። እኔ አንዱን ድንጋይ ተደግፌ እንግዳ እቆጥራለሁ፦ ከሙሽራው ወገን ሁለት መቶ፣ ከኛ አራት።

«አባባ፣ የተደገፉት እኮ እዚህ የሞቱት የቱርክ ወታደሮች መታሰቢያ ነው!» አለኝ ሙሽራው።

ክው ብዬ ዘለልኩ። እኛ አገር ከቀብር የመጣ ሰው ሳይታጠብ ሙሽራ አጠገብ ይደርሳል? «ቶሎ ውጡ!» ብዬ ጮኽሁ።

ልጄ ሳቀች። «አባ፣ ከኛ ወገን ሰው አነሰ ብለህ አይደል የምትጨነቀው? ወታደሮቹም እዚህ ዘመድ የላቸውም፤ ከኛ ቁጠራቸው።»

ተመልሼ ድንጋዩ አጠገብ ቆምኩ፤ ፎቶውን እዚያው ተነሣን።

ካርዱ ሞላ፤ ለእማማ ትብለጥ ሰላም በልልኝ። አንተ እዚህ ብትኖር ግን አምስት እንሆን ነበር።

ማንያዘዋል