ኮሎኔሉን ይቅር እንድል ለጋበዙኝ ለድራማ ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የድራማ ክፍል ኃላፊ
በቢሮዎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሬሳ ሲያስነሱ ላልዛለው ክንድዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ ከዋናው መንገድ ጀርባ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር የምኖር የልብስ ስፌት ሠራተኛ ነኝ። ስሜን ከግርጌ አልጻፍኩትም፤ ይሁንና የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛዎ አሳምረው ያውቁታል፤ ባለፈው ማክሰኞ ብቻ ሦስት ጊዜ ደውለውልኛልና።

የደወሉልኝም ለክብር ነው። ድራማዎን የማያዩ ሰዎች ካሉ፣ ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ግራ እንዳይገባቸው ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በድራማው ውስጥ ዞምቢ የሚባሉ፣ ከሞት ተነስተው ሰው የሚበሉ ሬሳዎች ከተማ ወርረዋል። ኮሎኔሉ የሚባለው ክፉ ሰው በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ በዘጠነኛው ክፍል፣ ሰው የተጠለለበትን ትምህርት ቤት የብረት በር ከውስጥ ዘግቶ ውጭ የቀሩትን ሠላሳ ስምንት ሰዎች ለዞምቢ ዳርጓል። ዞምቢዎቹ በሩ ላይ ደርሰው አልነበረም፤ ገና ከድልድዩ ማዶ ነበሩ። ፈርቶ ነው የዘጋው። አሁን በሦስተኛው ምዕራፍ ኮሎኔሉ ተጸጽቷል፤ ጣቢያዎም «ኮሎኔሉ ይቅርታ ይገባዋል ወይ?» የሚል የስቱዲዮ ውይይት አሰናድቶ፣ እኔና አንድ ሌላ ሰው ጎን ለጎን እንድንቀመጥበት ጋብዞናል። «ታሪክዎ ከድራማችን ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ተመልካች ይወደዋል» አሉኝ ሠራተኛዎ። ስለ ሙገሳው ከልብ አመሰግናለሁ። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ቅሬታዎቼን በቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ፤ ቢሮ ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁ።

አንደኛ፤ አረንጓዴ ሹራብ የምትለብሰዋን ሴትዮ ይመለከታል። ልጇ ከበሩ ውጭ የቀረችባት እሷ ነበረች። ሁለተኛውን ምዕራፍ ሙሉ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ኮሎኔሉን ትክ ብላ ስታየው ከረመች። በሦስተኛው ምዕራፍ ሁለተኛ ክፍል ላይ፣ ሰው ሁሉ በሰላም ሲቀዳበት ከኖረው ጉድጓድ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ተበላች። በሦስተኛው ክፍል ኮሎኔሉ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። እንዴት ያለ የተባረከ አጋጣሚ ነው! እምቢ ልትለው የምትችለው ሴት ከሳምንት በፊት ባትበላ ኖሮ፣ ደራሲዎችዎ ምን ያህል ይቸገሩ እንደነበር ሳስበው አዝንላቸዋለሁ። የቀሩት በሙሉ ከበሩ ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ አቅፈው ይቅር አሉት። ከውስጥ ሆኖ ይቅር ማለት ደስ ይላል፤ ይሞቃል።

ሁለተኛ፤ «ይቅር ይባል የምትሉ 1ን፣ ይበላ የምትሉ 2ን በመላክ የዕጣው ተካፋይ ሁኑ» ስላላችሁት ማስታወቂያ ነው። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ዕጣው እንዳያመልጠው ሁለቱንም ልኳል። ይቅርታን እንዲህ ያለ ፈጣን አገልግሎት ስላደረጋችሁት ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሦስተኛ፤ የድምፅ ባለሙያዎን ይመለከታል። በዘጠነኛው ክፍል በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ውጭ የቀሩት ሰዎች ብረቱን በመዳፋቸው ሲመቱት ይሰማል። በጡጫ አይደለም፤ በመዳፍ ነው። ባለሙያው ይህን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ግን ልክ ነው። እናቴ ጆሮዋ ስለደከመ ቴሌቪዥኑን ጮክ አድርጋ ነው የምታየው። ያን ቀን ድምፁ ሲመጣ ከወንበሯ ተነስታ ወደ ቤታችን በር ሄደች፤ ከፈተችውም። ደጅ ማንም አልነበረም። እሷ ግን ከፍታው ቆመች፤ ማስታወቂያው አልቆ ድራማው ሲመለስም አልዘጋችውም።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ስለጠፋብኝ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ታሪኩን እንደመጣልኝ እነግርዎታለሁ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ታናሽ እህቴና እኔ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ እንሠራ ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። እኔ ኮሌታ እሰፋለሁ፤ እሷ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። የጓሮው ደረጃ በር ግን ሁልጊዜ የተቆለፈ ነበር፤ ሠራተኞች በዚያ በኩል ጨርቅ ያወጣሉ ተብሎ ነው። የበሩ ቁልፍ የፈረቃ አለቃው ኪስ ውስጥ ይኖራል። ከሰዓት በኋላ ከመተኮሻ ክፍሉ እሳት ተነሳና የፊት ለፊቱን ደረጃ ዘጋው። ሴቶቹ ወደ ጓሮው በር ሮጡ። አሥራ አንዱ እዚያው ቀሩ። እህቴ አንዷ ናት።

እኔ በዚያ ሰዓት ጥርሴን ተነቅዬ፣ አፌን በጥጥ ሞልቼ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነበር። ሊነግሩኝ ሲመጡ ጥጡን እንኳ አላወጣሁትም፤ ስለዚህ አልጮኽኩም። እስከ ዛሬም አልጮኽኩም መሰለኝ።

አለቃው ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ጭሱ ሲመጣ ቁልፉ እንደወደቀበትና ፈልጎ እንዳጣው ተናገረ። ስድስት ዓመት ታስሮ ወጣ። አሁን ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ጃንጥላ ይጠግናል። ከእኔ ጎን ሊያስቀምጡት የፈለጉት እንግዳ እሱ ነው።

እንግዲህ ኮሎኔሉ አንዲት ሕፃን አዝሎ ድልድዩን የተሻገረበት ክፍል በታየ ዕለት፣ እናቴ ዓይኖቿን በመሐረብ ጠረገችና፣

«ይኼ ሰው ተመለሰ። የኛውስ?» አለችኝ።

«የኛው ማን?»

«የኛው ሰውዬ ነዋ።»

ደነገጥኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በእኛ ቤት ስለሱ ተነስቶ አያውቅም። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት፤ እሷ መልሳ ከፈተችው። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አንድ ዘንጉ የተሰበረ አሮጌ ጃንጥላ ይዛ ልትወጣ ስትል ደረስኩ። ዝናብ የሚባል ነገር አልነበረም። ወዴት እንደሆነ ሳልጠይቅ ተከተልኳት።

ክቡር ሆይ፣ የድራማዎ ኮሎኔል ሲጸጸት ዝናብ ይዘንባል፤ ክራር ይመታል፤ ካሜራው ወደ ዓይኑ ይጠጋል። እዚህ ግን ጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉ ጃንጥላዎች፣ የሽቦ ፍርፋሪና አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ሰውዬው እናቴን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳና ለቀቀላት። ከችሎቱ ያውቃታል። ጃንጥላውን ተቀብሎ ዘንጉን መመልከት ጀመረ። እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ።

«ልጄ በሩ ጋ ደርሳ ነበር?» አለችው።

ቀና ብሎ አላያትም። «ደርሳለች» አለ።

«ምን አለች?»

«ተዉት እማማ።»

«ንገረኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«አንተ ንገረኝ እንጂ፣ እሱን ለኔ ተወው።»

ጃንጥላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «‹ጋሼ፣ ይክፈቱልን። ምንም አልያዝንም፤ ይፈትሹን› አለች።»

እኔ ግድግዳውን ያዝኩ።

«እሷ መሆኗን በምን አወቅህ?» አለችው እናቴ።

«ሥራ ላይ ታንጎራጉር ነበር። ዝም በይ እያልኩ የምቆጣው እሷን ነበር። ድምጿን አጥቼው አላውቅም።»

«ቁልፉስ?»

«ኪሴ ውስጥ ነበር። ወደቀብኝ ያልኩት ውሸት ነው። ከበሩ ማዶ ግማሽ ደረጃ ወርጄ ነበር፤ ተመልሼ መክፈት እችል ነበር። ፈራሁና ወረድኩ።»

እኔ ይህን ጊዜ ዘልዬ የማንቀው መስሎኝ ነበር። ስንት ዓመት በሐሳቤ ስገድለው ኖሬያለሁ፤ አንዳንዴ በመቀስ፣ አንዳንዴ በመኪና። እግሬ ግን ከደጃፉ አልነቀል አለ። እናቴም አልጮኸችም፤ አልረገመችውም። ወንበሩን ወደሱ ጠጋ አድርጋ፣ «ድገምልኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«እሷ ያለችውን።»

ደገመላት። ሦስት ጊዜ አስደገመችው። በሦስተኛው ድምፁ አልወጣ ብሎት በከንፈሩ ብቻ ነው ያለው፤ እናቴ ግን ጆሮዋ እንደዚያ ደክሞ የሰማችው ይመስለኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዷን ይዤ፣ «ይቅር አልሽው እንዴ?» አልኳት።

«ልጄን ሰማኋት እንጂ እሱን መች አየሁት» አለችኝ።

ያን ዕለት ምሽት፣ ክቡር ሆይ፣ እራት ቀርቦ ሳለ እኔም አንድ ነገር ተናገርኩ። እህቴ የሞተችበት ፈረቃ የኔ ነበር። የሷ የእረፍት ቀን ነበር፤ ጥርሴን አሞኝ ስለለመንኳት ነው ሰውነቷን እየጎተተች የሄደችልኝ። ይህን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ለፖሊስም፣ ለችሎቱም፣ ለማንም። ከሰውዬው ጋር በምን እንደምለይ ዘጠኝ ዓመት ስመረምር ኖሬያለሁ። አዎ፣ እኔ በር አልዘጋሁም። ግን እንደሱ ዝም ብያለሁ፤ እናቴም እኔን ባቀፈች ቁጥር በዕድል የተረፈችላትን ልጇን ያቀፈች እየመሰላት ተጽናንታለች።

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ተነስታ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። አራት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። በአራት ቀን ውስጥ በአንድ ቤት ስንት ጊዜ መተላለፍ እንደሚቻል ያወቅሁት ያኔ ነው። ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝ የእህቴን ማንጎራጎር የሰማሁ ይመስለኝና ስነሳ እናቴ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብላ አገኛታለሁ፤ እሷም እያዳመጠች። አንነጋገርም። እመለሳለሁ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጫማዬን ሳስር ከኋላዬ ቆማ፣ «እሁድ ከኔ ጋር ትሄጃለሽ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ሄድኩ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየእሁዱ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንሄዳለን። እናቴ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ የተገለበጠ ሳጥን ላይ፤ እሱ ይቆማል። ትጠይቀዋለች፤ ይነግራታል። አንዳንዴ አዲስ ነገር ያስታውሳል፤ ያንን ቀን ሹሩባ ተሠርታ እንደነበር፣ ጠዋት ሲፈትሻት እንደሳቀችበት። ከዚያ ወደኔ ትዞርና፣ «አንቺስ፣ ስትለምኚያት ምን አለችሽ?» ትለኛለች። እኔም እነግራታለሁ። «ለጥርስሽ ብዬ እንጂ ላንቺስ አልሄድም ነበር» ብላኝ ነበር። እናቴ በዚህ ሁልጊዜ ፈገግ ትላለች። ይቅርታ የሚለውን ቃል ግን ለሱም ለኔም አንድ ቀን አውጥታ አታውቅም። ትለው እንደሆነ አላውቅም። እሱም አይጠይቃትም፤ እኔም አልጠይቃትም። ስንወጣ በሩን ከፍቶ ይይዝልናል፤ መንገዱን እስክንታጠፍ አይዘጋውም።

እንግዲህ ለጥያቄዎ፣ ኮሎኔሉ ይቅርታ ይገባዋል ወይ ለሚለው፣ ይህን ያህል ካስቸገርኩዎት በኋላ መልሱን አላውቀውም ብል እንደማይቆጡኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የማውቀው ደራሲዎችዎ በአርባ አምስት ደቂቃ የጨረሱትን እኛ ገና አለመጀመራችንን ነው። አረንጓዴ ሹራብ የለበሰችዋን ሴትዮ ባትገድሏትና አንድ ወንበር ብትሰጧት፣ ኮሎኔሉም ያደረገውን አንድ በአንድ ቢነግራት፣ ምናልባት እኔም ጠጋ ብዬ አየው ነበር። ከዚህ ጥሩ ድራማ እንደማይወጣ ግን እረዳለሁ፤ እኛ ጋ ማንም ከወንበሩ ተነስቶ አያቅፍም።

በመሆኑም ፕሮግራምዎ የሚተላለፍበት እሁድ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት እኛ ሌላ ጉዳይ ስላለብን መገኘት አንችልም። ሰውዬው የደረሰውን የእርስዎን የግብዣ ወረቀት እኔ አንብቤለት ነበር፤ መነጽሩ ተሰብሯል። ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «እዚያ ማን ይጠይቀኛል?» አለኝ። አቅራቢው መሆኑን ነገርኩት። «እሱማ ምኑን ያውቃል» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ለሰጡን ግምት፣ ለስቱዲዮው ለስላሳ ወንበር፣ ሊልኩልን ለነበረው መኪናና በፊታችን ላይ ሊቀቡት ላዘጋጁት ዱቄት ያለኝን ምስጋና በትሕትና እያቀረብኩ፣ ሙታንዎ በርክተው፣ ተመልካችዎ በዝቶ፣ የብረት በር ሳይዘጋብዎ እንዲኖሩ ከልብ የምመኝልዎ፣

የኮሌታ ሰፊዋ

በኋላ የታወሰኝ፦ ሠራተኛዎ በሦስተኛው ስልካቸው፣ በመጨረሻው ክፍል ሙታኑ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሰው ኮሎኔሉን ይቅር እንደሚሉት ነግረውኝ፣ «ለመታሰቢያ ይሆን ዘንድ» ከዞምቢዎቹ አንዷ የእህቴን መልክ እንድትይዝ ፎቶዋን ጠይቀውኛል። ፎቶውን አልላክሁም። የሜካፕ ባለሙያዎ ግን ሐሳቡን ካልተወው፣ እህቴ በሕይወት ሳለች ጉንጯ የሚሰረጉድ ቆንጆ ልጅ እንደነበረችና አንድም ሰው ነክሳ እንደማታውቅ በትሕትና እንዲያሳውቁልኝ እለምናለሁ።