ሃምሳ አምስት ዓመት፣ ያልተጨመረበት፦ የአቶ ሰርፀ ደምሴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሰርፀ ደምሴ ከአባታቸው ከአቶ ደምሴ ወልደ ሰንበት እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አምሳለ ተክሌ ጥቅምት 12 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዋሽ ሰባት ከተማ ተወለዱ። በፈረንጅ አቆጣጠር ኦክቶበር 22 ቀን 1961 መሆኑ ነው። ይህ ቀን ሲነበብ ዘወር ብላችሁ የምትተያዩ ወዳጆች እንደምትኖሩ ቤተሰቡ ያውቃል። በተለይ ከሦስት ዓመት በፊት የስልሳኛ ዓመት ልደታቸውን ኬክ አስቆርሳችሁ ያከበራችሁላቸው የሥራ ጓደኞቻቸው ግራ ቢገባችሁ አይፈረድባችሁም። የኅትመት ስሕተት አይደለም። ነገሩ በቦታው ይነገራል፤ እስከዚያው ቀኑን ያዙልን።

አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ልጅነታቸው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ሲዛወር ነው ያለፈው። ትምህርት በአዋሽ ጀምረው፣ በመኢሶ ቀጥለው፣ በድሬዳዋ ጨረሱ። በዚያው ከተማም በምድር ባቡር ወርክሾፕ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ተቀጥረው ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቁጭ ብሎ መዋል የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ማዕድ ቀርቦ ሁለት ጉርሻ እንደጎረሱ ተነሥተው የበር ማጠፊያ ይፈትሻሉ፤ እንግዳ እያጫወቱ አምፖል ይፈታሉ። እናታቸው ስለዚህ ጠባያቸው ይሉት የነበረውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መድገም አይቻልም። እንዲህም ሆነው ግን ሩጫ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። በትምህርት ቤት የስፖርት ቀን ራስ ምታት የሚይዛቸው እርሳቸው ነበሩ።

በ1986 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሙሉመቤት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሴት ልጃቸውን ፀደይን እና ወንድ ልጃቸውን ተድላን አፍርተዋል።

በ1992 ዓ.ም. ዲቪ ሞሉ። ፎርሙን የሞላላቸው በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የነበረ የፎቶ ቤት ባለቤት ነው። የልደት ቀናቸውን ጠየቃቸው፤ ነገሩት። እርሱም ወር ሁለት፣ ቀን አሥራ ሁለት፣ ዓመት 1954 ብሎ የሰማውን እንዳለ አሰፈረ። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለወጥ እንዳለበት ለሁለቱም ትዝ አላላቸውም። ዕጣው ሲወጣ ፓስፖርቱም ሌላውም ሰነድ ከፎርሙ ጋር እንዲገጥም ሆኖ ወጣ፤ አለበለዚያ ዕድሉ ሊያመልጥ ነው። ስለዚህ አቶ ሰርፀ በ1993 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ሲነሡ የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበሩ፤ ኦክላንድ ሲገቡ አርባ ሰባት ሞልቷቸው ገቡ።

በኦክላንድ የመጀመሪያ ሥራቸው የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪነት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አምስት ዓመት ሙሉ በመስታወት ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ትኬት ሲቀበል መኖሩን ስናስብ እስከ ዛሬ ይገርመናል። ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡሱን ሁለት ፌርማታ ቀድመው ወርደው በእግራቸው ይመጡ ነበር። ጎን ለጎን ተምረው የማቀዝቀዣና ማሞቂያ ጥገና ሰርተፊኬት ያገኙ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ እስከ ታመሙበት ጊዜ ድረስ በሳን ሆዜ አንድ ድርጅት ሠርተዋል። ቤታቸው ኦክላንድ፣ ሥራቸው ሳን ሆዜ፣ መካከሉ ደግሞ የ880 አውራ ጎዳና የመኪና ጭንቅንቅ ነበር። መሪ ላይ ተቀምጠው ጣታቸው አያርፍም፤ አብሯቸው የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ ሩጫ የገቡት ተገደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ለአንድ የአሥር ኪሎ ሜትር ውድድር ቡድን ሲያቋቁሙ፣ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ብቻ እንደ በቂ ማስረጃ ቆጥረው የቡድኑ ተስፋ አደረጓቸው። አይ ማለት አፈሩ። በዕለቱ መንታ ልጆቹን በጋሪ የሚገፋ አባት ቀድሟቸው ገባ። መንታዎቹ ተኝተው ነበር ይላሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ይተወዋል፤ አቶ ሰርፀ ግን ለሳምንት ያህል ምግብ አልበላ አላቸው። በሚቀጥለው ሰኞ በኦክላንድ መካከል ያለውን ሐይቅ፣ ሌክ ሜሪትን፣ መዞር ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ ያቆማቸው አልተገኘም። ሥራ በሌላቸው ቀን አላሜዳ ተሻግረው ባሕሩ ዳር ይሮጣሉ፤ ከሥራ ሲወጡ ደግሞ መንገዱ እስኪቀል ብለው ሳን ሆዜ በጅረቱ ዳር ይሮጣሉ። እዚያ ነው ከአቶ ዓባይነህ ጋር የተገናኙት። አቶ ዓባይነህ በሆስፒታል የሚሠሩ፣ ከእርሳቸው በዕድሜ የሚያንሱ ወንድማችን ሲሆኑ፣ እስከ መጨረሻው የልምምድ ጓደኛቸው ነበሩ።

ትልልቆቹ ውድድሮች ሁሉ እሑድ ጠዋት በመሆናቸው አቶ ሰርፀ ቅዳሴ የሚቀሩባቸው እሑዶች ነበሩ። በዚህ የቀየማችኋቸው ብትኖሩ ዛሬ ይቅር በሏቸው።

በዲሴምበር 2010 ሳክራሜንቶ ላይ ማራቶን በሦስት ሰዓት ከአርባ ሦስት ደቂቃ ጨረሱ። ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የቦስተን ማራቶን ሰው የሚቀበለው ለየዕድሜው ባወጣው ሰዓት ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ሰዓቱም ይለቃል። አቶ ዓባይነህ ደውለው «ጋሼ ሰርፀ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ለ2012 ኳሊፋይ አድርገዋል፤ ያኔ ሃምሳ ስምንት ይሆናሉ፣ ለሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ሦስት አርባ አምስት ነው» አሏቸው። አቶ ሰርፀ «ለሃምሳ ዓመት ሰውስ?» ብለው ጠየቁ። ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነበር። «እንግዲያው አላገኘሁትም» አሉና ስልኩን ዘጉ።

አቶ ዓባይነህ ነገሩ ስላልገባቸው ወሬውን ለቤተ ክርስቲያን አድርሰውት ኖሯል። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ «ወንድማችን ሰርፀ ለቦስተን በቅተዋል» ብለው አወጁ፤ እልልታው ቀለጠ። አቶ ሰርፀ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «አልበቃሁም፤ ስሕተት ነው» አሉ። ወ/ሮ ሙሉመቤት ነጠላቸውን ጎትተው ሊያስቀምጧቸው ሲሞክሩ ያያችሁ አላችሁ። ለምን እንዳልበቁ ግን መናገር አልቻሉም፤ የሚስታቸውና የልጆቻቸው ወረቀት ሁሉ የተመሠረተው በዚያች የፎቶ ቤት ፎርም ላይ ነውና። ከዚያ በኋላ ኩራት ነው ያለ ነበር፤ የሰው ዓይን ፈርቶ ነው ያለ ነበር፤ ጤንነታቸውን የተጠራጠረም አልጠፋም። ይህ ሁሉ ይደርሳቸው ነበር፣ ያማቸውም ነበር።

ምክንያቱ ይኸው ነው። ባለቤታቸውም ልጆቻቸውም ዜግነት ካገኙ ቆይተዋልና ዛሬ ቢነገር የሚጎዳው ሰው የለም።

አቶ ዓባይነህ እውነቱ ሲነገራቸው «ጋሼ፣ ሲስተሙ እንደዚያ ካወቀዎት ዝም ብለው ሬጅስተር ያድርጉ፤ ማን ይጎዳል?» አሉ። ታናሽ እኅታቸው መንበረም ይህንኑ ብላለች፤ ይህን ታሪክ የጻፈችውም እርሷ ናት። ጠበቃ ዘንድ ሄደው ቀኑን ለማስተካከል ሲጠይቁ፣ ከስንት ዓመት በኋላ መነካካቱ ሌላ ጣጣ ያመጣል ተባሉ። አቶ ሰርፀ በወረቀቱ ዕድሜ ይሠራሉ፣ በወረቀቱ ዕድሜ ይታከማሉ፣ በሥራ ቦታ እንደ ሽማግሌ ወንበር ሲለቀቅላቸው አመስግነው ይቆማሉ። እግራቸውን ግን ለወረቀቱ አልሰጡም። «ያልኖርኳቸውን ስምንት ዓመታት ተቀብዬ ልሮጥባቸው አልችልም» ነበር መልሳቸው። የሚፈልጉት ቦስተንን ብቻ አልነበረም፤ እዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ አንድ ነገር እንኳ በገዛ ዕድሜያቸው ማግኘት ይፈልጉ ነበር።

በ2011 ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አራት ገቡ። ያ ሰዓት በዓመቱ ቀደም ብሎ ቢመጣ ይበቃ ነበር፤ ቦስተኖች ግን በመካከሉ ደንባቸውን አጥብቀው ለሃምሳ ዓመት ሰው ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አድርገውት ቆዩ። ከዚያ ወዲያ በቤቱ ውስጥ ሰላም አልነበረም ብንል ማጋነን አይሆንም። ሰርግ ላይ ሰዓታቸውን ያያሉ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። በጾመ ነቢያት ቀሲስ ገብረ ሥላሴ ስለ ጤናቸው ሰግተው ጾሙን እንዲያቀሉ ቢመክሯቸው፣ ጾሙንም ሩጫውንም አልቀነሱም። ፀደይ «ዳድ፣ ፕሊስ ጀስት ሲት ዳውን» ስትላቸው ቆመው እየሰሙ «እሺ የኔ ልጅ» ይላሉ። በ2012 ጅማታቸው ተጎዳ፤ በ2013 ከሠላሳኛው ኪሎ ሜትር በኋላ አቋረጡ። በ2014 መሥሪያ ቤቱ የስልሳኛ ዓመት ልደታቸውን በፊኛ ሲያደምቅላቸው የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ፤ ኬኩን ቆርሰው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ በምሳ ሰዓት ልምምዳቸውን ሄዱ።

ኅዳር 26 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 6 ቀን 2015፣ በዚያው በሳክራሜንቶ ማራቶኑን በሦስት ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጸሙ። ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነበር። መስመሩን እንዳለፉ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ አቶ ዓባይነህ እንደሚሉት ሰው ሳይለምናቸው ሲቀመጡ ያዩት ያን ቀን ብቻ ነው። በአጠገባቸው የሚያልፈው ሕዝብ ሕመም መስሎት ውኃ ያቀርብላቸው ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ትልቅ ዳቦ አስጋግረው ቤተ ክርስቲያን አመጡ። የምን ዳቦ ነው ብላችሁ ስትጠይቋቸው «የልደቴ» እንዳሏችሁ ታስታውሳላችሁ። ረቡዕ ዕለት ግን ሌክ ሜሪት ዳር ታዩ፤ ሦስት ሃያ አምስት የሚባል አዲስ ነገር በጭንቅላታቸው ገብቶ ነበር።

በ2016 መጸው ለቦስተን ተመዝግበው ተቀባይነት አገኙ። ውድድሩ የ2017 ፋሲካ ማግስት ላይ ይውል ነበር። በዚያው ሰሞን ክብደታቸው መቀነስ ጀመረ። ልምምዱ ነው እየተባለ ቆይቶ፣ በታኅሣሥ የጣፊያ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሚያዝያ ድረስ ስንት ሳምንት እንዳለ ነበር። ሕክምናቸውን በትጋት ተከታተሉ፤ በሆስፒታሉ ኮሪደር መድኃኒቱ የተሰቀለበትን ብረት እየገፉ ሲመላለሱ ነርሶቹ ደጋግመው ወደ አልጋቸው መልሰዋቸዋል። የፋሲካ ማግስት ጠዋት ቤታቸው ነበሩ። ውድድሩ በቴሌቪዥን ሲጀመር ቆመው ለማየት ፈለጉ፤ ተድላ በአንድ ወገን፣ አቶ ዓባይነህ በሌላው ደግፈው አቆሟቸው። ጥቂት ቆዩና ራሳቸው «ይበቃል፣ አስቀምጡኝ» አሉ። እኛ ያን ጊዜ ነው ተስፋ የቆረጥነው።

በግንቦት ወር አጋማሽ ቤተሰቡን አስጠርተው ስለ ቤታቸውና ስለ ልጆቻቸው የሚናገሩትን ከተናገሩ በኋላ «ሌላው እንደ ፈቀዳችሁ ይሁን፤ ባልኖርኩት ዕድሜ እንዳትቀብሩኝ» አሉ። ወ/ሮ ሙሉመቤት እጃቸውን ይዘው ቃል ገቡላቸው። የሞት የምስክር ወረቀቱ ስልሳ ሦስት ይላል፤ ይበል። የሚቀብራቸው ያ ወረቀት አይደለም፣ የምንቀብራቸው እኛ ነን።

አቶ ሰርፀ ደምሴ ግንቦት 26 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማለዳ፣ ብዙውን ጊዜ ለሩጫ ከቤት በሚወጡባት ሰዓት፣ በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመት ከሰባት ወራቸው በኦክላንድ ከተማ ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሙሉመቤትን፣ ልጆቻቸውን ፀደይንና ተድላን፣ እኅታቸውን መንበረን፣ እንዲሁም እንደ ታናሽ ወንድም የቆጠሯቸውን አቶ ዓባይነህን ትተው ሄደዋል።

የተወለዱባትን ቀን ከማንም ወረቀት ሳይጠይቅ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከወዳጆቹ ጋር ይደምርልን፤ ለእኛም ጽናቱን ይስጠን። ዕረፍት ሲሰጣቸውም ከደጃቸው ጥቂት መንገድ ያኑርላቸው። ተቀምጠው የሚያርፉ ሰው አልነበሩም።